ከካርሜል አናት ወደ ባሕር፦ በጁላይ ሙቀት ልጆችና እናት ይዞ ለመውረድ የትኛው ሸለቆ ይሻላል?

እንኮዬ፦

ጤና ይስጥልኝ። በጁላይ መጨረሻ አንድ ዓርብ ሃይፋ ላይ የእግር ጉዞ አስበናል። ዘጠኝ ሰው ነን። አራቱ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። እናቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው ጠንካራ ነው፣ ግን የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ። መኪና የለንም፣ የምንመጣው በባቡር ነው። ከላይ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ ሸለቆዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የትኛው ለእኛ ይሆናል? በስንት ሰዓት ይገባል? ውሃ ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ይበቃል? ደግሞ ልጆቹ ዋሻ ማየት ይፈልጋሉ፣ እናቴ ደግሞ ቡና ካልተፈላ ጉዞ አይባልም ይላሉ። የምታውቁ ብትመክሩኝ።

ዳገት ወዳድ፦

እህቴ እንኮዬ፣ ከሁሉ በፊት ካርሜል የተገለበጠ ተራራ መሆኑን ያዢ። ሌላ ተራራ ላይ ሰው በጠዋት ጉልበቱ ሳለ ይወጣል፣ ሲደክመው ቁልቁለቱ ይመልሰዋል። ሃይፋ ላይ ግን ሰፈሩም አውቶቡሱም አናት ላይ ነው። በጠዋት እየሳቁ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በ11 ሰዓት፣ ውሃው ሲያልቅና ድንጋዩ ሲግል፣ ዳገቱ ከፊት ተደቅኖ ይቆያል። ስለዚህ በበጋ መንገድ የሚመረጠው በመውጫው ነው። ከላይ ገብታችሁ ባሕሩ ጋ የምትወጡበት፣ እንደወጣችሁም አውቶቡስ የምታገኙበት መንገድ ብቻ ፈልጊ። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ መነሻው ላይ የሚመልሰውን ለኖቬምበር ተዪው።

(ሰዓቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እናትሽ በእኛ ሰዓት የሚቆጥሩ ከሆነ «ከንጋቱ 12 ሰዓት» ብለሽ ንገሪያቸው። «በ6 ሰዓት» ካልሻቸው ቀትር ላይ ነው የሚዘጋጁልሽ።)

ለእናንተ ቡድን የምመርጠው ናኻል ሲያኽን ነው («ናኻል» የወንዝ ሸለቆ ማለት ነው)። መግቢያው ላይኛው ከተማ፣ ሎቱስ የሚባለው መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። አጭር ነው፣ አብዛኛው መንገድ ጥላ አለው፣ መካከሉ ላይም የሚታይ ነገር ሞልቷል። ሁለት ምንጮች፣ የቆዩ የሮማንና የበለስ ዛፎች፣ የእርከን ግንብ፣ የድንጋይ ገንዳ አሉ። የቀርሜሎሳውያን መነኮሳት የመጀመሪያ ገዳም ፍርስራሽም እዚሁ ነው። የኢየሩሳሌሙ ፓትርያርክ አልበርት ለእነዚህ መነኮሳት ሥርዓት የጻፈላቸው ከ1206 እስከ 1214 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የመስቀል ጦረኞች ከተማ አካ በ1291 ስትወድቅ ገዳሙ ተለቀቀ። ምንጩ በነቢዩ ኤልያስ ስም ይጠራል። እናትሽ ካርሜልን «ቀርሜሎስ» ተብሎ ከመጽሐፍ ያውቁታልና እዚህ ላይ ማረፍ ደስ ይላቸዋል። የኤልያስ መሥዋዕት ቦታ የሚባለው ግን ይህ አይደለም። እሱ ሙኽራቃ ነው፣ በተራራው ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ 482 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቂሶን ወንዝን ቁልቁል እያየ። በመኪና ካልሆነ በጁላይ አይሞከርም።

የምንጩ ውሃ አይጠጣም። ጥርት ብሎ ቢታይም ከላዩ ሰፈር አለ፣ የፍሳሽ መስመር አለ፣ የዱር አሳማም ይረግጠዋል። ነጠላ ለመንከር ይሆናል፣ ኮዳ ለመሙላት አይሆንም። የተቆረጠ ቁስል ያለበት ልጅ እግሩን እንዳይነክር።

ሁለተኛው ምርጫ ናኻል ሎተም ነው። ጥቅሙ ለመድረስ መቅለሉ ነው፦ ታችኛው ከተማ ካለው ኪካር ፓሪስ ካርመሊት (ተራራውን የሚወጣው የምድር ውስጥ ባቡር) ተሳፍራችሁ የመጨረሻው ጣቢያ፣ ጋን ሃኤም ላይ ትወርዳላችሁ፤ መግቢያው ከመካነ እንስሳቱ ጀርባ ነው። ካርመሊት ከታች እስከ ላይ 274 ሜትር ከፍታ ነው የሚያወጣው። ያን ያህሉን ዳገት ማሽኑ ወጣላችሁ ማለት ነው። ሎተም ከሲያኽ ይረዝማል፣ አንዳንድ ቦታ ቁጥቋጦው መንገዱን ይዘጋዋል፣ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ባት ይቧጨራል። የትኛውንም ብትመርጡ ከመምጣታችሁ በፊት ባለው ሌሊት ሙቪት በሚባለው የመጓጓዣ መተግበሪያ ላይ የመጀመሪያውን ጉዞ ሰዓት አረጋግጪ። በጠዋት ሸለቆው አፍ ላይ የማያደርስ መጓጓዣ ከሆነ ሌላ መስመር ይፈለግ።

ሰዓቱ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለቱም ሸለቆዎች ያሉት በተራራው ምዕራብ ጎን ነው፣ ባሕሩን እያዩ ይወርዳሉ። በጁላይ መጨረሻ ፀሐይ 6 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ የምትወጣው ግን ከተራራው ጀርባ ስለሆነ ሸለቆው ውስጥ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅባታል። ጥልቅ በሆነው ክፍል እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ጥላ ታገኛላችሁ። ከ10 በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ትገባለች፣ ነጩ ኖራ ድንጋይም ሙቀቱን ከታች መልሶ ይተፋል። ስለዚህ ከ6 እስከ 6:30 ግቡ፣ ከ10 በፊት አስፋልት ላይ ሁኑ። በልጅና በአዋቂ እግር፣ ከነማረፊያው፣ ሲያኽ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው።

የባሕሩን ነፋስ አትመኚበት። ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ላይኛው ከተማ ላይ ያስደስታል፤ ሸለቆው ሆድ ውስጥ ግን ግድግዳው ያግደዋል። አገር ቤት ሐምሌ ላይ ሸለቆ የሚያስፈራው ድንገተኛ ጎርፍ ስላለው ነው፤ የዚህ አገር ሐምሌ ጠብታ የለውም፣ የሚሞላው ሙቀት ነው።

ስለ ምልክቱ፦ ሦስት መስመር ነው፣ ነጭ፣ በመካከል ቀለም፣ እንደገና ነጭ። የመካከሉ ቀለም ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው «አረንጓዴ ቀላል፣ ጥቁር ከባድ» ይመስለዋል፤ አይደለም። ቀለሙ አንዱን መንገድ ከሌላው ለመለየት ብቻ ነው፣ ካርታው ላይ በዚያው ቀለም ተሥሎ ይገኛል። መስመሩ ተጣጥፎ ከተቀባ መንገዱ ወደዚያ ይታጠፋል። ብርቱካን፣ ሰማያዊና ነጭ አንድ ላይ ካየሽ ሽቪል ይስራኤል ነው፣ አገሩን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚያቋርጠው፤ እሱን መከተል ከጀመርሽ ወደ ኤላት እየሄድሽ ነው።

አንድ መቶ እርምጃ ያህል ምልክት ካላያችሁ ወደፊት አትቀጥሉ። የመጨረሻው ምልክት ወዳለበት ተመለሱና ከዚያ ፈልጉ። ሸለቆ ውስጥ ሰው የሚጠፋው የአሳማ መንገድ ተከትሎ ነው። የአሳማ መንገድ ሰፊና የተረገጠ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ወገብ የማያስገባ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል።

የጥድ ጥላ፦

የዳገት ወዳድን የመንገድ ምርጫ እደግፋለሁ። እኔ ስለ ሸክሙ ልጨምር።

ውሃ። በሃይፋ እርጥበት ላብ አይደርቅም፣ ቆዳ ላይ ይንቆረቆራል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሰውነት አብዝቶ ያልባል። ለአዋቂ በሰዓት ሦስት አራተኛ ሊትር ቁጠሪ፣ ለልጅ ግማሽ ሊትር፣ ከዚያ በነፍስ ወከፍ አንድ ሊትር መጠባበቂያ ጨምሪ። ለሦስት ሰዓት ጉዞ አዋቂ ከ3 ሊትር በላይ፣ ልጅ 2 ሊትር ተኩል ይሆናል። ለዘጠኝ ሰው ተደምሮ 26 ሊትር ገደማ ነው፣ ማለት 26 ኪሎ። የ9 ዓመት ልጅ 2 ሊትር ተኩል አይሸከምም፤ ትንንሾቹ አንድ አንድ ሊትር ይያዙ፣ የቀረው አዋቂዎች ጀርባ ላይ ይከፋፈል። ሁሉንም ውሃ አንድ ጎልማሳ ላይ መጫን የተለመደ ስህተት ነው። ያ ሰው ወደኋላ ከቀረ ወይም እግሩ ከተጠመዘዘ ውሃውም ከእሱ ጋር ይቀራል።

ጠርሙስ ማቀዝቀዝ ጥሩ ነው፣ ግን በልኩ። ሁለት ሦስተኛ ሞልተሽ፣ ክዳኑን ዘግተሽ፣ በጎኑ አስተኝተሽ አቀዝቅዢው። በጠዋት በቀረው ላይ ውሃ ትሞይበታለሽ። ሙሉ ጠርሙስ ካቀዘቀዝሽ ይሰነጠቃል። ሁሉንም ካቀዘቀዝሽ ደግሞ በ8 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው በረዶ ይዞ ይጠማል፤ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይቀዝቅዝ።

ውሃ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ውሃ ጠጥቶ ምንም ጨው ያልቀመሰ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይይዘዋል፤ «ውሃ አነሰህ» ብለው ደግሞ ሲጨምሩለት ይብስበታል። እዚህ ላይ ከሱቁ ዱቄት ይልቅ የእኛው በሶ ይበልጣል። ለአንድ ሰው አራት አምስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በደረቁ ሰፋ ባለ አፍ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪ፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ስኳር ወይም ማር ይግባበት። ማረፊያ ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሶ መምታት ነው። ሳይበጠበጥ ይኬድ፤ ቤት ተበጥብጦ ከመጣ በሙቀቱ ይኮመጥጣል። ጭኮ ለዚህ አይሆንም፣ ቅቤው ቀልጦ ቦርሳ ያበላሻል። ቆሎ ይያዝ፣ ግን ያለ ውሃ ሲቆረጠም አፍ ያደርቃልና ልጆቹ መንገድ ላይ ሳይሆን ተቀምጠው ይብሉት።

ጫማ። ካርሜል ላይ የሚያንሸራትተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ብዙ እግር ያለሰለሰው ኖራ ድንጋይ፤ ደረቅ ሆኖ ሳለ እንደ ሳሙና ነው። ሁለተኛው በድንጋይ ላይ የተነጠፈ የጥድ ቅጠል። የሶሉ ጥርስ ያለቀ ስኒከር፣ ሰንደል፣ ክሮክስ አይሆንም። ለልጅ አዲስ ጫማ በዚያው ቀን አታስጀምሪ። ለቁልቁለት የጫማው ክር ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበቅ ይበል፣ አለዚያ የእግር ጣት ከፊት እየተመታ ጥፍር ይጠቁራል። ለእናትሽ አንድ ዱላ ይኑር። ቁልቁለት ላይ ዱላው ከእግር ቀድሞ ነው የሚያርፈው፣ ከጎን ሲጎተት ምንም አይረዳም።

ነጠላ ያዙ፤ ቀልዴን አይደለም። ከጥጥ የተሠራ ስስ ጨርቅ ተነክሮ ራስና አንገት ላይ ሲጣል፣ በተለይ በደረቅ ቀን፣ ከማንኛውም ኮፍያ ይሻላል። በእርጥብ ቀን ግን ቶሎ ስለማይደርቅ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ፀሐይ መከላከያ ብቻ ነው። ጭናቸው ለሚላላጥ ቫዝሊን ከመነሳት በፊት ይቀባ፣ ከተላላጠ በኋላ ማቃጠል ብቻ ነው።

ዘብ፦

ሲያኽ ከተማ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፣ ሕንፃ እያየሽ ነው የምትሄጂው። ካርሜልን ማየት የሚፈልግ ትንሿ ስዊዘርላንድ ይሂድ፣ ናኻል ኬላኽና ናኻል ጋሊም። እውነተኛ ጫካ፣ ጥልቅ ገደል። ሙቀቱን ከፈራችሁ ደግሞ በጠዋት ማንቃቱ ምን ያደርጋል፤ በ5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ጀምሩ፣ ፀሐይ ስትበርድ።

ዳገት ወዳድ፦

ወንድሜ ዘብ፣ ቦታው ውብ ነው፣ አልከራከርም። ለዚህ ቡድን ግን በሦስት ነገር አይሆንም። ዙር ስለሆነ ከአምባው ተወርዶ ተመልሶ ወደ አምባው ይወጣል፤ ያልኩት የተገለበጠ ተራራ ነገር እዚያ ሙሉ በሙሉ አለ። አለት እየያዙ የሚወረድባቸው ቦታዎች አሉበት፣ ለጎረምሳ ጨዋታ ነው፣ ለ63 ዓመት ጉልበት ግን አይደለም። መኪና የሌለው ሰው ደግሞ መግቢያው ለመድረስ ብቻ በፀሐይ አስፋልት ይራመዳል።

የማታውም ሐሳብ ለምዕራቡ ጎን ስህተት ነው። ጠዋት ጥላ የነበረው ጎን ከቀትር እስከ መጥለቂያ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው። በ5 ሰዓት ማታ ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ይዞ ነው የሚጠብቅህ። በዚያ ላይ ጨለማ ይቀድማል፣ በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ውስጥ በሌሊት መጓዝ አይፈቀድም፣ እፉኝትም በበጋ የሚንቀሳቀሰው ሲመሻሽ ነው።

ከሰዓት በኋላ መሄድ ግድ ከሆነ ጎኑን መቀየር ነው። ኔሼር በሰሜን ምሥራቅ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ተራራው ራሱ ጥላ ይጥልለታል። ተንጠልጣዮቹ ድልድዮች እዚያ ናቸው፣ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 70 ሜትር። ለልጅ ይህ ከየትኛውም ሸለቆ ይበልጣል። ነፋስ ግን አይጠበቅም፣ ባሕሩ ከተራራው ወዲያ ነው። ድልድዩ ላይ አራት ልጅ እኩል እየዘለለ እንዳይሄድ፤ ማወዛወዙ ለኋለኛው ሰው ነው የሚደርሰው።

እና ሻራቭ ከሆነ፣ ማለት ከምሥራቅ የበረሃ ነፋስ ከመጣ፣ ሁሉም ምክር ይቀራል። ያን ቀን ጉዞ የለም፣ ባሕር ዳር ብቻ። ከዋዜማው የአየር ትንበያው ላይ «ዖሜስ ኾም ካቬድ» (ከባድ የሙቀት ጫና) የሚል ካያችሁ ቀኑን ለውጡ። መንገድ የተዘጋ እንደሆነ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ጋ ኮከብ 3639 ይደወላል።

ሲስተር መ፦

እኔ በጤናው በኩል ልመልስ።

የእናትሽ ክኒን ምን ዓይነት እንደሆነ ተመልከቺ። ብዙ የግፊት መድኃኒት ውስጥ ሽንት የሚያሸና አለ። ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት ፈሳሹ በሁለት በኩል ይወጣል፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሰዓቱንም አትቀይሩ፤ ከጉዞው ሳምንት በፊት ሐኪማቸውን ወይም ነርሷን ጠይቁ። የእሳቸው በሶ ላይም ጨው አትጨምሩ። ሲያርፉ ወዲያው አይነሱ፤ እግራቸውን ጥቂት አንቀሳቅሰው ከዚያ ይነሱ።

ልጆች «ጠማኝ» እስኪሉ አይጠበቅም። በየ20 ደቂቃው አንድ ሰው ድምፅ ያሰማ፣ ሁሉም አራት አምስት ጉንጭ ይጠጣ። ሽንት መለኪያ ነው፦ ከጉዞው በፊት ያልሸና ልጅ ከቤት ሲወጣ ጀምሮ ውሃ አንሶታል።

ድካምና የሙቀት ምት ይለያያሉ፣ መለያውም አእምሮ ነው። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ ግን በትክክል የሚመልስልሽ ሰው ደክሟል። ጥላ፣ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ፣ ግማሽ ሰዓት እረፍት ይሻለዋል። ለዚህ በአንድ ሊትር ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ለጥ ተደርጎ፣ ጥሩ ነው። የሚወላገድ፣ የሚቆጣ፣ የልጁን ስም የሚስት፣ የሚንገዳገድ ሰው ግን የሙቀት ምት ነው። «ላቡ አለ፣ ስለዚህ አይደለም» አይባል፤ እየተጓዙ የሚመታ ሙቀት ላብ እያለም ይገድላል። ወዲያው 101 ደውላችሁ እዚያው አቀዝቅዙት፦ ልብሱን አውልቁ፣ ያላችሁን ውሃ ሁሉ ከአንገት ጀምሮ አፍሱበት፣ በካርቶን ወይም በነጠላ አራግቡ፣ በረዶ ካለ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ አኑሩ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ። ስህተቱ ተሸክሞ ወደ ላይ መሮጥ ነው። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ።

ለስልኩ ሁለት ሦስት የዕብራይስጥ ቃል ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ትልልቆቹም ይያዙ፦ «ማካት ኾም» የሙቀት ምት፣ «ሂትያብሹት» የውሃ ማነስ፣ «ሃካሻት ናኻሽ» የእባብ ንድፊያ። ከዚያ የሸለቆው ስምና ከላይ ነው ወይስ ከታች የገባችሁት። ሸለቆው ሆድ ውስጥ መስመር ሊጠፋ ይችላል፤ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ላለ አንድ ሰው መግቢያችሁን፣ መውጫችሁንና የምትወጡበትን ሰዓት ጻፉለት።

አሁን ዋሻው። በሙቀት ጊዜ ዋሻ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ልጆች አፈሩ ላይ ይጋደማሉ። ያ አፈር ውስጥ የዋሻ መዥገር አለ። ሌሊትም ቀንም ነክሶ ይሄዳል፣ ንክሻው አያምም፣ ብዙ ጊዜም አይታይም። ከሳምንት ገደማ በኋላ ኃይለኛ ትኩሳት ይመጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ «የዋሻ ትኩሳት» የሚባለው ይህ ነው። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን ሐኪሙ ዋሻ ውስጥ እንደነበራችሁ ካልነገራችሁት ሌላ በሽታ ሲፈልግ ይውላል። የዋሻ አፍ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ዋሻ ማየት ለሚፈልግ ልጅ ናኻል መዓሮት አለ፣ በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፤ የተዘጋጀ መተላለፊያ አለው፣ መግቢያው ይከፈላል። በሌላ ቀን፣ በሌላ ጉዞ።

እባብ ከነደፈ፦ አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ ደሙን ለማቆም ብላችሁ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ ይታሰርና አይንቀሳቀስ፣ 101። ቀበሮ፣ ውሻ ወይም ሌላ አውሬ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ሊሽካት ሃብሪኡት (የጤና ቢሮ) ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ሌላም፦ ቲሻ በአቭ የሚባለው የአይሁድ ጾም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ይውላል። ለሚጾም ሰው 25 ሰዓት ያለ ውሃ ነው። ቀናችሁ ከጾሙ ዋዜማ ወይም ማግስት ጋር እንዳይገጥም ካላንደሩን እዪ። ዓርብን የሚጾሙ ጓደኞች አብረው ካሉም በባዶ ሆድ ይዛችኋቸው አትሂዱ።

እንኮዬ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሲያኽን ወስነናል። የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ቡናውን በትንሽ ጋዝ ምንጩ ጋ ማፍላት ይቻላል? ጭስ ብናይ ደግሞ ወዴት ነው የሚኬደው?

የጥድ ጥላ፦

ቡናው ቤት ይፈላና በፔርሙዝ ይምጣ። ስኒና ፈንዲሻ ይዛችሁ ብትመጡ ለእናትሽ ሥርዓቱ አልጎደለም፤ ዕጣኑ ግን ይቅር፣ ፍም ነው። በጥብቅ ቦታ ውስጥ ከተፈቀደው ማብሰያ ውጭ እሳት አይነሳም፣ ጋዝም ቢሆን ደረቅ ሣር ላይ ሲገለበጥ ያው እሳት ነው። ጁላይ ላይ የሣሩ ደረቅነት ክብሪት ሳይነካው የሚነድ ይመስላል።

ካርሜል ለምን እንዲህ እንደሚቃጠል ማወቅ ይጠቅማል። አሌፖ የሚባለው ጥድ ሙጫው ብዙ ነው፤ የሚነድ ፍሬው ወደ ሩቅ ይወረወራል፣ እሳቱም መንገድና ሸለቆ ዘልሎ ይሄዳል። በዲሴምበር 2010 በተነሳው ቃጠሎ 44 ሰው ነው የሞተው፣ አብዛኞቹ በቤት ኦሬን መንገድ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

ጭስ ከሸተታችሁ፣ ነበልባል እስክታዩ አትቆዩ። እሳት ዳገት ላይ ከሰው ይፈጥናል፤ ሸለቆ ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ቀን ላይም የባሕሩ ነፋስ ከታች ይገፋዋል። ስለዚህ ጭሱ ከበላያችሁ ከሆነ ቁልቁል ወደ ባሕሩ መንገድ ፈጥናችሁ ውጡ። ጭሱ ከበታችሁ ከሆነ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ አትሩጡ፤ ወደ ጎን፣ ዛፍ ወደሌለበት አለት ወይም ወደ ሰፈር በሚያወጣ ቅርብ መንገድ ሂዱ። ሲያኽ ላይ ለዚህ አንድ ጥቅም አለ፣ ዘብ የነቀፈው፦ ሰፈሩ ቅርብ ነው። 102 ይደወላል።

ዳገት ወዳድ፦

ስትወጡ ከታች ባሕሩን ይዞ የሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ናችሁ። ወደ ሆፍ ሃካርሜል የሚሄድ አውቶቡስ ያዙ፤ ባቡሩም የባሕር ዳርቻውም እዚያ ነው። ልጆቹ ባሕር ካሰቡ ነፍስ አድን ባለበት ቦታ ብቻ ይግቡ።

ዓርብ መሆኑን አትርሺ። ባቡሩና አብዛኛው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ለሰንበት ይቆማል፣ በክረምትና በበጋ ሰዓቱ ይለያያል። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ሐሙስ ማታ ጻፊና ከእሱ በፊት ባለው ተሳፈሩ። ዘጠኝ ሰው፣ እርጥብ ልጆች፣ የጠፋ ጫማ፤ የመጨረሻው ባቡር ለእንዲህ ያለ ቡድን አይጠብቅም።

ካርታውን ደግሞ ቤት ሳለሽ ስልክ ላይ አውርጂው፣ ዐሙድ ዐናን የሚባለው የካርታ መተግበሪያ ምልክት ያለባቸውን መንገዶች ከነቀለማቸው ያሳያል። በሁለት ስልክ ይውረድ፤ አንዱ እስክትወጡ ድረስ ተዘግቶ ይቆይ።

እንኮዬ፦

ሁለተኛው ስልክ እናቴ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ከፔርሙዙ አጠገብ። «ከንጋቱ 12 ሰዓት» ብያቸዋለሁ።